በውሃ መካከል መተንፈስ፤ የረግረግ ዕፅዋት ሥርዓትና የሰው ልጅ ግንባታ

የትንሣኤ ዋዜማ በሆነችው በቀዳም ስዑር ማለዳ፣ ካህናቱ ለምለም ቄጠማ ለምእመናን ሲያድሉ፣ ምእመናንም ተቀብለው በራሳቸው ላይ ሲያስሩት፣ ሥርዓቱ የሚያሳስበው የኖኅን ርግብ ነው፤ ይኸውም የጥፋት ውሃ መጉደሉን በአፏ በያዘችው ለምለም ያበሠረችውን ርግብ ነው። አባቶች ለዚህ የብሥራት ምልክት ከምድር ሣር ሁሉ ቄጠማን መምረጣቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ካለው ምሥጢር ሌላ፣ የተፈጥሮን ጠባይ ለሚመረምር ሰውም የሚያስደንቅ ነገር አለበት፤ ቄጠማ ውሃው ከሸሸ በኋላ ከሚበቅሉት ሣሮች ወገን ሳይሆን፣ ውሃው ሳይሸሽ፣ ሥሩ በጭቃ ተቀብሮና ወገቡ በጎርፍ ተከቦ ሳለ ለምልሞ ከሚቆዩት ወገን ነውና። ደንገልም የዚሁ የቄጠማ ዘመድ ነው፤ ሩዝና ፊላ፣ ሸምበቆና በሐይቅ ላይ የሚያብቡት ዕፅዋትም፣ ዘራቸው ቢለያይ እንኳ፣ በአንድ ዓይነት መከራ ውስጥ አልፈው ተመሳሳይ ጥበብ የተማሩ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ነገር አንድ ነው። የረግረግ ዕፅዋት ጎርፍን የሚችሉት፣ በገዛ አካላቸው ውስጥ ለአየር የሚሆን ክፍት ቦታ አስቀድመው ስለሚያዘጋጁና ለውሃውም በዙሪያቸው የሚያርፍበትን ሥፍራ ስለሚተዉለት ነው። ስለዚህ ቤትና መንገድ፣ ድልድይና ከተማ ሲሠራ ከእነርሱ ሊማር የሚወድ ሰው የቅጠላቸውን መልክ ብቻ ቢቀዳ ከትምህርቱ ጥቂቱን እንጂ ብዙውን አያገኝም፤ ብዙው ያለው በሥርዓታቸው፣ ማለት ክፍት ቦታን ከትርፍ ሳይቈጥሩ የሕይወታቸው መሠረት አድርገው በመያዛቸው ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከዕፅዋቱ አካል ተነሥተን ወደ ሰው ሥራ፣ ከሰው ሥራም ወደ አገራችን ጉዳይ እንሄዳለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ጎርፍ ተክልን በምን እንደሚገድለው ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ሰው የሚመስለው ተክሉ ከመጠን በላይ ጠጥቶ እንደሚሞት ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሥርም እንደ ማናቸውም ሕያው አካል ይተነፍሳል፤ በደኅናው ጊዜ በአፈር ቅንጣቶች መካከል የሚመላለሰውን አየር እየሳበ ይኖራል። ጎርፍ መጥቶ ያንን ክፍተት በሞላው ጊዜ ግን፣ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰርጽበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ከሚሰርጽበት በ10000 እጅ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ፣ በአፈሩ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ሥሮችና ረቂቃን ነፍሳት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ተሻምተው ይጨርሷታል። ከዚያም ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉት ረቂቃን ተራውን ይዘው፣ መጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎም ማንጋኒዝንና ብረትን፣ በመጨረሻም ሰልፌትን እየተጠቀሙ የአፈሩን ጠባይ ይለውጡታል፤ ጭቃው ይጠቁራል፣ የገማ እንቁላል ሽታ ያወጣል፣ በውስጡ የሟሟው ብረትና የሰልፈር ጋዝም ሥሩን ይመርዘዋል። በመረሬ መሬት ላይ ባቄላ ወይም ሽንብራ የዘራ ገበሬ፣ ክረምቱ ሲበረታ ቅጠሉ ሲገረጣና ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ሲጠወልግ የሚያየው ስለዚህ ነው፤ የእነዋሪ ገበሬዎችም ማሳቸውን ሹሩቤ በተባለው የመደብና የቦይ አሠራር እየደለደሉ ውሃውን የሚያፋስሱት ይህንኑ ከአባቶቻቸው ተምረው ስለሚያውቁ ነው። እንግዲህ የጎርፍ መከራ በእውነቱ የትንፋሽ መከራ ነው።

ለዚህ መከራ የተሰጠውን መልስ በዓይን ለማየት ከደንገል የተሻለ ምስክር የለም። በጣና ሐይቅ ዳር የበቀለ አንድ የደንገል ዘንግ ተቈርጦ በእጅ ቢያዝ፣ ቁመቱ አራትና አምስት ሜትር ሊደርስ ሲችል ክብደቱ ግን ከታሰበው እጅግ አንሶ ይገኛል። ዘንጉ እንደ ሌላው አገዳ ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ነው፤ በመካከሉ አንጓም ቅጠልም የለውም፤ ልሙጥ ሆኖ ከጭቃው እስከ ጫፉ ይወጣና እዚያ ሲደርስ በቀጫጭን አረንጓዴ ክሮች ይዘረጋል። በቢላዋ አግድም ሲቈረጥ፣ ዳር ዳሩን ጠንካራና አረንጓዴ ልጥ ሲከበው፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ያንንም ነጭ ክፍል በማጉያ መነጽር ለተመለከተው፣ ከሥጋው ይልቅ ክፍተቱ የሚበዛ፣ ቀጫጭን ግድግዳዎች የለዩአቸው የአየር ክፍሎች የሞሉበት ቤት ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት አየር አዘል ሕብረ ሕዋስ የሚሉት ይህ ነው። ቅጠልና ዘንግ ከሰማይ የተቀበሉት አየር በእነዚህ ክፍሎች እየወረደ፣ በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ አግድም ወደሚሄደው ወፍራም ግንድና ከእርሱም ወደ ሥሮቹ ይደርሳል። መሐንዲሶች ብዙ ቈይተው የደረሱበት ሕግ፣ ማለት ጠንካራውን ነገር በዳር፣ ቀላሉን በመካከል ቢያደርጉት ምሰሶው በትንሽ ክብደት ነፋስን እንደሚችል የሚናገረው ሕግ፣ በደንገል ዘንግ ውስጥ ከትንፋሽ ጋር ተዋሕዶ ይገኛል፤ ተክሉን የሚያቆመውና የሚያስተነፍሰው አንዱ ክፍት ቦታ ነውና።

ይህ ክፍት ቦታ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ተክሎች ሁሉ ከአካላቸው ኤቲሊን የተባለ ረቂቅ ጋዝ ያወጣሉ፤ በአየር ውስጥ ሲሆኑ ጋዙ ወዲያው ተበትኖ ይጠፋል። ሥሩ በውሃ ሲሸፈን ግን፣ ኦክስጅን እንዳይገባ የከለከለው ያው ውሃ ኤቲሊንንም እንዳይወጣ ይከለክለዋል፤ ጋዙም በውስጥ ሲጠራቀም ለተክሉ የጎርፍን መምጣት የሚናገር መልእክተኛ ይሆናል። በቆሎን በመሰሉ ተክሎች ይህ መልእክት በደረሰ ጊዜ፣ በሥሩ መካከል የሚገኙ የተወሰኑ ሕዋሳት በሥርዓት ይሞታሉ፤ እነርሱ ሟሙተው በተዉት ሥፍራም የአየር መንገድ ይከፈታል። በቆሎ ግን ይህን የሚጀምረው ውሃው ከደረሰበት በኋላ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይረፍድበታል። ሩዝና ደንገል፣ ፊላና ቄጠማ የሚለዩት በዚህ ነው፤ እነርሱ ውሃው ሳይመጣ፣ በደረቁ ወራት እንኳ፣ የአየር ክፍላቸውን በአካላቸው ሠርተው ይቆያሉ። ጎርፍን ከለመዱ ፍጥረታት የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ መሰናዶ ከአደጋው በፊት በአካል ውስጥ የተሠራ እንጂ በአደጋው ሰዓት የሚፈለግ አይደለም።

ሥሩም ቢሆን አየሩን ዝም ብሎ አያባክነውም። የሩዝና የብዙዎቹ የረግረግ ዕፅዋት ሥር፣ ውሃ የሚያደርስ ቧንቧ በመንገድ ላይ እንዳያንጠባጥብ ተደርጎ እንደሚሠራ፣ የላይኛው ክፍሉ ኦክስጅን በማያሳልፍ ቅባታማ ነገር የተለበጠ ነው፤ አየሩ ሳይፈስ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርድና እዚያ፣ አዲስ ዕድገት በሚጀመርበት ለጋ ሥፍራ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ጭቃው ይወጣል። ከረግረግ መካከል አንድ ሥር ነቅሎ ጭቃውን በውሃ ለቅለቅ ያደረገ ሰው፣ ጥቁር ይሆናል ብሎ የጠበቀው ሥር ቀይ ዳማ ዝገት ለብሶ ያገኘዋል፤ ይህም ከሥሩ የወጣው ኦክስጅን በጭቃው ውስጥ የሟሟውን መርዘኛ ብረት አግኝቶ ወደ ዝገት የለወጠበት ምልክት ነው። ተክሉ ለራሱ ያመጣው ትንፋሽ በዙሪያው ያለውን ምድር እያነጻ ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህን ነገር ወደ ፊት ስለ ከተሞች ፍሳሽ ስንነጋገር እንፈልገዋለን።

አየሩ የሚወርደው በዝግታ ብቻ እየሰረጸ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ጆን ዴሲ የተባለው ተመራማሪ በ1980 እንዳሳየው፣ በኩሬ ላይ በምትንሳፈፈው ቢጫ አበባ ያላት የውሃ ተክል ውስጥ እውነተኛ ነፋስ ይነፍሳል። ለጋዎቹ ቅጠሎች በፀሐይ ሲሞቁ፣ በረቂቃን ቀዳዳዎቻቸው የገባው አየር በቀላሉ መመለስ ስለማይችል የውስጣቸው ግፊት ከውጪው ጥቂት ይበልጣል፤ ግፊቱም አየሩን በቅጠሉ አንገት በኩል ወደ ታች፣ በጭቃው ውስጥ ወዳለው ግንድ ይነዳዋል፤ ከዚያ ተመልሶ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች በኩል ይወጣል። አንዲት ለጋ ቅጠል በቀን እስከ 22 ሊትር አየር ልታስገባ ትችላለች። እንግሊዛውያኑ ዊልያምና ጂን አርምስትሮንግም በሸምበቆ ላይ ባደረጉት ምርምር፣ የሞቱትና የተሰበሩት አሮጌ ዘንጎች ሳይቀሩ ነፋስ በላያቸው ሲያልፍ አየሩን ከታች እየሳቡ እንደሚያገለግሉ አሳይተዋል። እንግዲህ በረግረግ ማኅበር ውስጥ ለጋው ያስገባል፣ አሮጌው ያስወጣል፣ የሞተውም ቢሆን ከአገልግሎት አይወጣም፤ ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ የሚሠራ የአየር ማመላለሻ ነው።

አንዳንዱ ጎርፍ ግን ከቁመት በላይ ይሆናል፤ ዘንጉም ጫፉም በውሃ ይሸፈናል። ለዚህ ሩዝ ሁለት ተቃራኒ መልሶች አሉት። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅለው የጥልቅ ውሃ ሩዝ፣ የጃፓን ሊቃውንት በ2009 ስኖርክል ብለው በሰየሟቸው ሁለት ዘረመሎች እየተመራ፣ በቀን እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያድግና ራሱን ከውሃው በላይ ያወጣል፤ ጎርፉ ለወራት የሚቆይ ሲሆን የሚያዋጣው ይህ ነው። ሁለተኛው መልስ ትዕግሥት ነው። በሕንድ በኦዲሻ ገበሬዎች ዘንድ ከቆየ የሩዝ ዘር የተገኘውና በ2006 ማንነቱ ተለይቶ የታወቀው ሰብ ዋን ኤ የተባለው ዘረመል፣ ተክሉ በውሃ በተሸፈነ ጊዜ ዕድገቱን አቁሞ፣ ስንቁን ቈጥቦ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲጠብቅና ውሃው ሲጎድል እንደገና እንዲያቈጠቍጥ ያደርገዋል። ይህን ጠባይ ለብዙ ገበሬ በተለመደው ስዋርና በተባለው ዝርያ ውስጥ አስገብተው በ2009 በሕንድ ለገበሬ አደረሱት። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ በአጭር ጎርፍ የሚጣደፈው ሩዝ ስንቁን ጨርሶ እንደሚወድቅ፣ በረዥም ጎርፍ የሚታገሠውም በውሃ ውስጥ እንደሚቀር ነው፤ ጥበቡ የጎርፉን ጠባይ ለይቶ በማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው። በአገራችንም ክረምት በመጣ ቍጥር የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ የሚተኙበት የፎገራ ሜዳ፣ ለሌላው አዝመራ የማይመች ሆኖ ሳለ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር በተጀመረው የሩዝ እርሻ ዋና የሩዝ አገር ሆኗል። ገበሬው ሜዳውን ለማድረቅ ሳይደክም፣ ውሃውን የሚችል ዘር በማግኘቱ ብቻ መሬቱ ከመከራ ወደ በረከት ተለወጠለት።

ደንገል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ይኸውም መንሳፈፍ ነው። በቪክቶሪያና በናይቫሻ ሐይቆች፣ በነጭ ዓባይ ረግረጎችም፣ የደንገሉ አግዳሚ ግንዶችና ሥሮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ሰው የሚቆምበት ወፍራም ምንጣፍ ይሠራሉ፤ ምንጣፉም በውስጡ ባለው አየር ተሸክሞ፣ ውሃው ሲሞላ ከነደኑ ከፍ ይላል፣ ሲጎድልም ዝቅ ይላል። የሰው ልጅ ይህን ጠባይ ካወቀ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል፤ ኦሪት ዘጸአት የሙሴን እናት የደንገል ሣጥን፣ ነቢዩ ኢሳይያስም ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር የደንገል ታንኳ ያነሣሉ። በጣና ሐይቅ ዛሬም ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦ፣ ደንገሉን አጭደው በፀሐይ ያደርቁታል፤ በነዶ በነዶ አድርገው እያጠበቁ ያስሩታል፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀኑታል፤ በመካከሉም ተሳፋሪው ከእርጥበቱ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ሌላ የደንገል እስር ያነጥፉበታል። ታንኳው ውሃ ቢገባበት አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው በእያንዳንዱ ዘንግ ውስጥ የተከፋፈለው አየር ነውና። ከጉዞ በኋላም ወደ ዳር ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይህ ባይደረግለት ዘንጉ እየራሰ ይከብዳል።

የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳል በ1969 ራ ብሎ የሰየማትን ጀልባ በግብፅ ያሠራው ከጣና በመጣ ደንገል ነበር። ጀልባዋ ከሞሮኮ ተነሥታ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል በአትላንቲክ ላይ ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ እየዘቀጠ ስለ ሄደ መርከበኞቹ ትተዋት ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን በደቡብ አሜሪካው የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች እጅ በደንገል የታሰረችው ራ ሁለተኛ ውቅያኖሱን በ57 ቀን ተሻግራ ባርባዶስ ደረሰች። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ፍርድ አለ። ነዶው አንድ ዓይነት ሲሆን መድረስንና አለመድረስን የለየው አስተሳሰሩ ነው፤ ይህም የእጅ ጥበብ ከባሕርይ ዕውቀት ጋር ካልተባበረ ቍሱ ብቻውን እንደማያድን ያሳያል። ከዚህም በላይ የታጨደው ደንገል ጥቂት ወራት ሲያገለግል፣ በረግረጉ ላይ ያለው ሕያው ምንጣፍ ግን ከሥሩ እየታደሰ ትውልድን ተሻግሮ ይኖራል። መልኩን የወሰደ ሰው ጀልባ ያገኛል፤ ሥርዓቱን የጠበቀ ሰው ግን ከነሐይቁ ያገኘዋል።

የሰው ልጅ ከውሃ ዕፅዋት የወሰዳቸው ትምህርቶች በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ደረጃቸው ይለያያል። በ1849 እንግሊዛዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ከአማዞን የመጣችውን ግዙፍ የውሃ ተክል በቻትስዎርዝ እንድታብብ አድርጎ፣ ትንሽ ልጁን በቅጠሏ ላይ አቆማት፤ ቅጠሏ ከሥሯ በኩል ከመካከል ወደ ዳር በሚዘረጉ ክፍት ጅማቶችና እነርሱን በሚያያይዙ መስቀለኞች የተደገፈች ስለ ሆነች ቻለቻት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከ560 ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን የመስተዋት አዳራሽ ሲሠራ፣ ፓክስተን ቅጠሏን እንደ ምስክር ጠቅሷታል፤ ምን ያህሉን ከእርሷ፣ ምን ያህሉንም ከቀደሙት የመስተዋት ቤቶች እንደ ወሰደ የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። የጀርመኑ ሊቅ ቪልሄልም ባርትሎትም የሎተስ ቅጠል በጭቃ መካከል ኖሮ የማይቈሽሸው፣ ፊቱ በረቂቃን ጉብታዎችና በሰም ስለ ተሸፈነ የውሃው ነጠብጣብ እየተንከባለለ ቆሻሻውን ይዞ ስለሚወርድ መሆኑን አስረዳ፤ ጥናቱ በ1997 ከታተመ በኋላ በዝናብ ራሱን የሚያጥብ የግድግዳ ቀለም ተሠራበት። እነዚህ የሚመሰገኑ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ከተክሉ አንድ ብልት ወስደው ወደ ሌላ ነገር ያዛወሩ እንጂ፣ ተክሉ ከጎርፍ ጋር የሚኖርበትን ሥርዓት የነኩ አይደሉም።

ሥርዓቱን የነካችው በ1950ዎቹ በማክስ ፕላንክ ተቋም ትሠራ የነበረችው ጀርመናዊቷ ኬተ ዛይድል ናት። እርሷ የረግረግ ዘንጎችን በቆሻሻ ውሃ ውስጥ ተክላ፣ ከሥራቸው የሚወጣው ኦክስጅንና በሥራቸው ዙሪያ የሚኖሩት ረቂቃን ነፍሳት ፍሳሹን እንደሚያነጹት በምርምር ስታሳይ፣ ብዙ መሐንዲሶች አላመኗትም ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ አገር መንደሮችና ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን በሰው ሠራሽ ረግረግ ያጣራሉ። በካምፓላም የናኪቩቦ የደንገል ረግረግ የከተማውን ፍሳሽ ተቀብሎ፣ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ወደሚቀዳበት ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ወሽመጥ ከመግባቱ በፊት ሲያጠራው ኖሯል። በኔዘርላንድ ማስቦመል በተባለው መንደር በ2005 የተሠሩት ቤቶችም፣ መሠረታቸው ክፍት የኮንክሪት ገንዳ ስለ ሆነ፣ በደረቅ ጊዜ በምድር ላይ ያርፋሉ፤ ወንዙ ሲሞላ ግን በተተከሉላቸው ምሰሶዎች ላይ እየተንሸራተቱ ከፍ ይላሉ። ሠሪዎቹ ይህን ከደንገል ተማርን ባይሉም፣ ሕጉ የደንገሉ ምንጣፍ ሕግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን በከተማ መጠን ያሰበው ቻይናዊው የመልክዓ ምድር ነዳፊ ዩ ኮንግጂያን ነው። በዠጂያንግ ገጠር ያደገው ይህ ሰው፣ ልጅ ሳለ በሞላ ወንዝ ውስጥ ወድቆ፣ በዳሩ የበቀሉት አኻያና ሸምበቆዎች የውሃውን ጉልበት አብርደውለት እነርሱን ይዞ እንደ ወጣ ይናገር ነበር። በኋላም በሐርቫርድ ተምሮ ሲመለስ፣ ወንዞች በኮንክሪት ታጥረው፣ ረግረጎች በአፈር ተሞልተው አገኘ፤ ከተማም እንደ ረግረግ ውሃውን በየሰፈሩ የሚቀበል፣ የሚያዘገይና የሚያሰርጽ ክፍት ቦታ ሊኖረው ይገባል ብሎ ተከራከረ። በሐምሌ 2012 በቤይጂንግ የዘነበው ዝናብ 79 ሰው ከገደለ በኋላ መንግሥቱ ሐሳቡን ተቀብሎ የስፖንጅ ከተማ ብሎ በብዙ ከተሞች ጀመረው። ዩ ኮንግጂያን በመስከረም 2025፣ በዓለም ሰፊ ከሚባሉት ረግረጎች በአንዱ፣ በብራዚሉ ፓንታናል በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ትምህርቱ ግን በየአገሩ የሚነገር ሆኗል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙት ምክንያት የላቸውም አይባልም። በሐምሌ 2021 በዠንግዡ ከተማ በአንድ ሰዓት ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ ከ300 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ዠንግዡ ደግሞ በስፖንጅ ከተማ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያወጣች ከተማ ነበረች። በከተማ መሬት ውድ ነው፤ ረግረግም ካልተያዘ ትንኝ ይራባበታል። ለእነዚህ መልስ ሳንሰጥ ማለፍ አይገባም። ሰብ ዋን ኤ ያለው ሩዝ ከሁለት ሳምንት በላይ በውሃ ቢሸፈን ይሞታል፤ ይህ ስለ ሆነ ግን ዘሩን ከንቱ ነው የሚል ገበሬ የለም፤ እያንዳንዱ ሥርዓት የሚችለው ልክ አለውና፣ ልኩን የሚያልፈው ጎርፍ ሲመጣ ግድብና ቦይ፣ ማስጠንቀቂያና መሸሻም ያስፈልጋሉ። የመሬቱ ውድነት ደግሞ ክርክሩን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ለውሃ ያልተተወው መሬት በጎርፍ ቀን በሰው ቤትና በሰው ነፍስ ይከፈላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን መጨመር ይገባል፤ እርሱም ከአገራችን የመጣ ነው። በ2011 በጣና ላይ የታየው እንቦጭ፣ በአንገቱ ላይ ባበጡት አየር አዘል ጕልበቶች የሚንሳፈፍ፣ በንድፉ ከደንገል የማያንስ ተክል ነው። በደቡብ አሜሪካ የትውልድ አገሩ የሚበሉትና የሚከለክሉት ፍጥረታት ስላሉ በልኩ ይኖራል፤ በጣና ግን ከልካይ አጥቶ የዓሣ አጥማጁን መንገድና የገበሬውን ዳርቻ ሸፈነው። ይህ የሚያስተምረን፣ ንድፉ የቱንም ያህል ቢያምር ከሥፍራውና ከጎረቤቶቹ ሲነጠል ጥፋት እንደሚሆን ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣን የከተማ ንድፍ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ፣ በየአካባቢው ረግረግ ኖሮ ከውሃው ጋር የተስማማውን መመልከት ይበልጣል።

ለዚህም ጣና ያለን ትምህርት ቤት ነው። ሐይቁና ዙሪያው በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ዳሩ ግን ደንገሉ ለእርሻና ለግጦሽ፣ ለማገዶና ለግንባታ እየተመነጠረ ብዙ ሥፍራ ለቋል። ከ1996 ጀምሮ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ የተሠራው መቈጣጠሪያ የሐይቁን ውሃ ለኃይል ማመንጫ ሲያስተካክል፣ የውሃው ከፍታ የሚወጣበትና የሚወርድበት ወቅት ተለውጧል፤ በ2003 ሐይቁ ባነሰ ጊዜም የደንገሉ ዳርቻ በደረቅ መሬት ላይ ቀርቶ ለእርሻ ተጋለጠ። ኃይልም ያስፈልገናል፤ ነገር ግን የሐይቁን ከፍታ የሚወስን ሰው ከተርባይኑ ጋር የደንገሉንም ሥር ሊያስብ ይገባዋል። ረግረጉ የሚያስቀረው ደለል ወደ ሐይቁ እንዳይገባ፣ የሚያነጻው ፍሳሽ ዓሣውን እንዳይመርዝ፣ የሚያሳድገው ጫጩት ዓሣም ለአጥማጁ እንዲበቃ የሚያደርገው ያ የተመነጠረ ዳርቻ ነበር። ነገደ ወይጦም ደንገሉ ባለቀበት ዳር ታንኳ የመሥራት ጥበባቸው ከዕቃው ጋር አብሮ ያልቃል፤ ጥበባቸውን እንደ ኋላ ቀር ሥራ ሳይሆን እንደ ምሕንድስና ዕውቀት ቈጥሮ በትምህርት ቤቶቻችን መመዝገብ የእኛ ትውልድ ግዴታ ነው።

እንግዲህ የከተማ ፕላን የምትነድፉ መሐንዲሶች፣ የመሬት ፈቃድ የምትሰጡ ሹማምንት፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር የምትሠሩ ባለሀብቶች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ብዙ ነገር አይደለም። አንድ ረግረግ በአፈር እንዲሞላ ከመፍቀዳችሁ በፊት፣ ክረምት ሲመጣ በዚያ ያርፍ የነበረው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በጽሑፍ መልስ ይቅረብላችሁ፤ መልስ ያልቀረበበት ግንባታም አይጀመር። በወንዝ ዳር ያለውን ቄጠማና ደንገል ከማስመንጠራችሁ በፊት፣ ሥራውን የሚተካ ቦይ ስንት እንደሚያስወጣ ይታሰብ። ቄጠማና ደንገል፣ ሩዝና ፊላ ጎርፉን የቻሉት ክፍት ቦታቸውን ውሃው ሳይመጣ ስላዘጋጁ ነው፤ ከተሞቻችንም ቢሆኑ ይህን ማድረግ የሚችሉት ክረምቱ ሳይገባ፣ ረግረጎቹም ሳይጠፉ ነው።